አበባው በፖስታ፣ ፍሬው በአጥር

ፖስታ ቤት ሳይከፈት በፊት ደብዳቤ በእግር ይሄድ ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ይሰካና ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይጓዛል። ዘንጉን ያየ ሁሉ የተላከ ሰው መሆኑን ስለሚያውቅ መንገድ ይለቅለታል። ቀን ይሄዳል፤ ሲመሽ በደረሰበት ያድራል። በደጋውና በወይና ደጋው መንገዱ ግራና ቀኙን በአጥር የታጠረ ነው። አጥሩም አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም ወይም እንጆሪ ይሆናል፤ ሁሉም ይወጋሉ፣ ሁሉም ይበላሉ። የራበው እግረኛ እጁን ሰደድ አድርጎ ቢለቅም የሚቆጣው የለም። በማሳው ላይ ያለው እህል ባለቤት አለው፤ በአጥሩ ላይ ያለው ፍሬ ግን የእረኛና የመንገደኛ ነው።

ወረቀቱና ፍሬው በአንድ መንገድ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ተጓዙ። ፍሬው ራሱ ወረቀቱ ላይ ለመውጣት ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል፤ ወጣ የተባለ ጊዜም በሌላ መልክ ነበር።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ የመስቃን ከተማ ናት። በምዕራቧ የዘቢዳር ተራራ ቆሟል፤ በምሥራቋ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ እየተንጣለለ ይወርዳል። ከተራራው ግርጌ ጓሮው እንሰት ነው፤ ዝቅ ሲል በቆሎና በርበሬ። በርበሬ እዚህ አገር እንግዳ ነበር። ዘሩ ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ፣ ኮሎምበስ ከተሻገረ በኋላ በፖርቱጋሎች መርከብና በባሕር ነጋዴዎች እጅ ዞሮ ወደዚህ የአፍሪካ ክፍል የደረሰው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ወጥ ሠሪ የለም። የማረቆና የመስቃን ቆላ በርበሬ በመርካቶ በስሙ ይጠራል፤ ዛላው ረዘም ያለ፣ ቀለሙ ጠቆር ብሎ የቀላ ነው፤ ገዢም በእጁ አገላብጦና አሽትቶ ይለየዋል።

እዚህ ላይ የዕፅዋት ሊቃውንት አንድ የሚያስቅ ነገር ይላሉ። ፈረንጆች ቤሪ የሚሉት ፍሬ በሳይንሱ አነጋገር ከአንድ አበባ አንድ ማሕፀን የሚወጣ፣ ሥጋው የለሰለሰ፣ ውስጡ እንደ ኮክ ያለ ድንጋይ የሌለው ነው። በዚህ ሚዛን አጋም ቤሪ ነው፤ አውጥም ነው፤ ቲማቲምና ሙዝም ናቸው። እንጆሪ ግን አይደለም፤ ጥቃቅን ፍሬዎች ተሰብስበው የሠሩት ዘለላ ነውና። ቀጋም አይደለም፤ ቡናም አይደለም። ቃሪያው፣ ሚጥሚጣውና በርበሬው ግን ሳያወላውሉ ቤሪዎች ናቸው። የሙዝ የቅርብ ዘመድ የሆነው እንሰትም ፍሬው ቤሪ ነው፤ ግን ቆጮና ቡላ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ወይም ገና ሲያብብ ስለሚቆረጥ ባለቤቱ ራሱ ፍሬውን እምብዛም አያየውም። እንግዲህ የመስቃን ሰው ምሳውን የሚበላው ከአንዱ ቤሪ ግንድ በተፋቀ ቆጮ ሲሆን፣ የሚያጣፍጠው በሌላው ቤሪ ዱቄት ነው። ይህን ቢነግሩት ስቆ ያልፋል፤ መብቱ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ በዓለም የመጀመሪያውን ባለማጣበቂያ ቴምብር አወጣች። ጥቁር ነበረ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ነበረበት። የፖስታ ሒሳቡን ተቀባዩ ሳይሆን ላኪው አስቀድሞ መክፈሉ ያኔ ትልቅ አብዮት ነበር። ሌሎች አገሮች ሲከተሉም በቴምብሩ ላይ ንጉሥ ወይም አርማ አኖሩ። ዕፅዋት ብቅ ያሉት በአርማነት ነው፤ የኒውፋውንድላንድ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1857 ባወጣቸው ቴምብሮች ላይ ጽጌረዳ፣ እሾህና የሦስት ቅጠል ሣር የእንግሊዝን፣ የስኮትላንድንና የአየርላንድን ስም ወክለው ታተሙ። ቅጠል ለመንግሥት ምልክት ሆነ እንጂ ለራሱ አልተሣለም።

የኢትዮጵያ ተራ በ1886 ዓ.ም. መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ውል ሲሰጡ የፖስታው ሥራም በዚያው ዘመን ተጀመረ። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የቀረጸው በፈረንሳይ ቴምብሮች ስሙ የታወቀው ኤዤን ሙሾን ነው። ሰባት ነበሩ። አራቱ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ ከፍ ያሉት የይሁዳን አንበሳ ያዙ። ዋጋቸው ከሩብ ገርሽ እስከ 16 ገርሽ ይደርስ ነበር፤ 16 ገርሽ አንድ ጠገራ ብር ነው። ንጉሡና አንበሳው ቦታውን ሁሉ ስለሞሉት ለቅጠል የቀረ ስፍራ አልነበረም።

የእነዚህ ቴምብሮች ጽሑፍ አማርኛ ስለነበር ባሕር ማዶ ያለው የፖስታ ሠራተኛ የማን አገር እንደሆኑ ማንበብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1901 ኢትዮጵያ የሚለው ስም በፈረንሳይኛ ፊደል በማኅተም ተመታባቸው። በማግስቱ ዓመት «ቦስታ» የሚል፣ ቀጥሎም «መልክት» የሚል ጽሑፍ ታተመባቸው። የቃላት ታሪክ የሚወድ ሰው እነዚህን ሁለት ማኅተሞች አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጥ የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ አገሩ አዲሱን ነገር በባዕድ ስም ይጥራው ወይስ በራሱ ቃል ይጥራው ሲያመነታ። ውሎ አድሮ ያሸነፈው «ፖስታ» ነው፤ ትንሹ ወረቀት ደግሞ «ቴምብር» ተባለ። ዛሬም ቴምብር ሲባል ግማሹ ሰው የሚያስበው ደብዳቤን ሳይሆን የውልና የማስረጃ ወረቀት ላይ የሚለጠፈውን ቀረጥ ነው።

በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴምብር ከድንበር አያልፍም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። ይህ ጣጣ የቀረው ኢትዮጵያ በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ቴምብሮች የአገሪቱን ስም በአማርኛም በፈረንሳይኛም አስጽፈው ወጡ።

ተፈጥሮ ቴምብር ላይ የገባችው በ1911 ዓ.ም. ነው፤ ስትገባም በአውሬ በር ነበር። በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን ስዊዘርላንድ ውስጥ በታተመው ስብስብ ላይ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ ጎሽና አንበሳ ተሰልፈዋል። የንግሥቲቱና የአልጋ ወራሹ ፎቶም አለበት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም አለበት። ውብ ስብስብ ነው፤ የዓለም ቴምብር ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። ግን ለማን እንደተሣለ ግልጽ ነው። ውጭ ያለው ሰብሳቢ ከአፍሪካ አውሬ ይጠብቃል፤ ፖስታ ቤቱም የሚጠበቅበትን ሰጠ። ቡታጅራ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አውራሪስ አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ቀጋን ነው።

የጣሊያን ወረራ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ወዲያውኑ የኢትዮጵያን ስም የያዘ፣ የቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ መልክ ያለበት የራሱን ቴምብር አወጣ። ከነፃነት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ተመለሰ፤ ሐይቁ፣ ድልድዩ፣ ቤተ መንግሥቱም ተራ በተራ ወጡ። በ1954 ዓ.ም. የጀመሩት የወፎች ስብስቦች ግን የተለየ ስሜት ይዘው መጡ። አሁን የሚታየው የአደን ግዳይ አይደለም፤ በቤታችን ጣሪያና በዛፋችን የሚያድር ፍጥረት ነው።

በዚሁ በ1950ዎቹ መስቃን ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ጉራጌዎች የዓለም ገናን መንገድ እስከ ወላይታ ሶዶ ለማውጣት ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ከመርካቶ ሱቅ ባለቤት ጀምሮ እስከ ሊስትሮው ድረስ እንደ አቅሙ ከፈለ። የማኅበሩ መሪ ሆነው ስማቸው የሚነሣው ጀኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ናቸው። መንገዱ በቡታጅራ አልፎ ሲሄድ ጆንያ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ቀለለው፤ ከአዲስ አበባም ገንዘብ፣ ጨው፣ ሸማና ወሬ ተመለሰ። ብዙው ደብዳቤ ግን በፖስታ ቤት አይሄድም ነበር። ለመስቀል ወይም ለዐረፋ አገር ቤት የሚገባ ሰው ኪሱ በወረቀት ተሞልቶ ይሄዳል፤ ሲመለስም ቅቤና ቆጮ ይዞ ይመጣል። በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ቴምብር አያሻውም። ወደ ቤት የሚያደርስ ፖስተኛ ስላልነበረ ፖስታ ቤት የሚመላለሰው የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ነው፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሚሲዮን።

ዓለም ግን በዚያ ሰሞን የዱር ፍሬን በፖስታ ማወቅ ጀምራ ነበር። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሆን ጭማሪ ሒሳብ የተጣለባቸውን ቴምብሮች ስታወጣ የጫካ ቤሪዎቿን አሳየችባቸው። በዚያ አገር ማንም ሰው በማንም ጫካ ገብቶ ቤሪ መልቀም ከጥንት የተፈቀደለት ነው፤ የእኛን የአጥር ሕግ የሚመስል ሕግ መሆኑ ነው። ሶቪየት ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1964 የደን ፍሬዎችን በስብስብ አሳተመች። ሰሜኖቹ ክረምታቸው ረጅም ነው፤ በጋ ላይ የለቀሙትን ማርማላታ አድርገው ስለሚያኖሩት ፍሬውን በምግብነቱ ያውቁታል። ቴምብራቸውም ፍሬውን የሚያሳየው በስሎ ለመልቀም እንደደረሰ ነው።

ኢትዮጵያ በ1957 ዓ.ም. ዕፅዋቷን በቴምብር ስታወጣ ርዕሱ አበባ ነበር። አምስት ነበሩ፤ ከመካከላቸው ኮሶ፣ አሜጃ፣ አደይ አበባና ቀጋ አሉበት። አደይ አበባው የዘመን መለወጫና የመስቀል ስለሆነ ማንም አልተገረመበትም። ኮሶው የሆድ ትል መድኃኒትነቱ የታወቀ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሲቀመጥ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል፣ ሥዕሉንም አውሮፓ አድርሷል። ቀጋው ግን ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል።

ቀጋ ጽጌረዳ ነው። ለአፍሪካ ሞቃታማ ክፍል የራሷ የሆነ የዱር ጽጌረዳ ይኼ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሐበሻ ምድር ከሰበሰባቸው ተክሎች ጋር ስሙ አውሮፓ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ዕፅዋት አጥኚው ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ የሐበሻን ስም በሳይንስ መጠሪያው አስገባለት። አበባው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቢጫ፣ ሽታው ደስ የሚል ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ አጥርና ገደል አይመርጥም። ቡታጅራ 2100 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ወደ ዘቢዳር ግርጌ ወጣ ያለ ሰው ያገኘዋል።

እንግዲህ ቴምብሩ ላይ ያለው አበባው ነው። የአገሬው ሰው ቀጋ ሲል ግን አፉ የሚሞላው ፍሬው ነው፤ ብርቱካናማ ቀይ፣ ቆዳው ጠንከር ያለ፣ ውስጡ ጠጉራም ዘር። ልጆች ዘሩን በጥፍራቸው አራግፈው ሥጋውን ብቻ ይበላሉ፤ ጠጉሩ ጉሮሮ እንደሚከረክር ከታላቆቻቸው ተምረዋል። በቫይታሚን ሲ የበለጸገ መሆኑን ከተማ ያለው ባለሙያ ኋላ ደርሶበታል። ፖስታ ቤቱ በዚያ ዓመት ቀጋን ሲመርጥ የፈለገው ጽጌረዳነቱን ነው፤ ሲታይ ደስ የሚለውን። እረኛው የሚያውቀው ቀጋ ከቴምብሩ ጥርስ ውጭ ቀረ። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ የአበባ ስብስብ አበባ ማሳየቱ ተገቢ ነው። ግን አገሩ ራሱን ለውጭ ሰው ሲያሳይ የሚመርጠውን መልክ ይናገራል። በአውሬ ጀመረ፤ ወፍ አስከተለ፤ አበባ ጨመረ።

ያ ስብስብ ሊወጣ ሲል፣ ያልተካተተበት አንድ ተክል ዓለምን የሚያስደንቅ ነገር ይዞ ነበር። እንዶድ። ገላጭ አያሻውም፤ ሳሙና ሳይመጣ በፊት ነጠላና ቡሉኮ በእሱ ሲነጣ የኖረ፣ ፍሬው እንደ ትንሽ የወይን ዘለላ የሚንጠለጠል ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ፈረንጆች የአፍሪካ የሳሙና ቤሪ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ሄዶ ነበር። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ወደ ታች ወረድ ብሎ ሲመለከት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ልብስ በማይታጠብበት ቦታ ቀንድ አውጣዎቹ ደኅና ናቸው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ትል የሚያድረው በእነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ሚስጥሩ በእንዶዱ አረፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ከእንዶዱ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ቅመም ተለይቶ ሲወጣ ከአክሊሉ ስም ወስደው «ለማቶክሲን» አሉት። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ። ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአገሩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስቦ አወዳደረ፤ ከእነርሱ መካከል 44 ቁጥር የተሰጠው ጎልቶ ወጣ። የሁለቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች፣ የውኃ ቱቦ የሚዘጋ ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ሲወርራቸው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በእንዶድ ሞከሩት፤ ሠራም። የፓተንት መብቱም በዚያው ተመዘገበ። የአድዋ እናቶች ለዘመናት በእጃቸው ያሹት ፍሬ በባዕድ አገር የባለቤትነት ወረቀት ሲወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ ያስከተለው ክርክር ብዙ ነበር። የአጥር ፍሬ ባለቤት የለውም የሚለው ሕግ በቶሌዶ አይሠራም።

ቡና የራሱ ታሪክ አለው። በኢትዮጵያ ቴምብሮች ላይ ቡና ደጋግሞ ወጥቷል፤ ሊወጣም ግድ ነው፤ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ የያዘው እሱ ነበርና። እዚህ ግን ፍሬው ፍሬ ሆኖ ታየ፤ ገንዘብ ስለሆነ። ቡና ነጋዴው ቀዩን እሸት ቡና፣ ከነልባሱ የደረቀውን ጀንፈል ይለዋል። ፈረንጁ ግን ቤሪም ይለዋል፤ ስሙም በአንድ ክፉ በሽታ ስም ላይ ገብቶ ቀረ። የቡና ቤሪ በሽታ የሚሉት ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 ታየ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ተገኘ። ፈንገሱ አረንጓዴውን ፍሬ በእንጨቱ ላይ እንዳለ ያጠቁረዋል፤ ፍሬው ይረግፋል ወይም ተሸብሽቦ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ተመራማሪዎች በሽታው ባየለባቸው አካባቢዎች እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጡት ዛፎች በ74 የሚጀምር ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬ የቡና ገዢዎች አውሮፓና አሜሪካ ሆነው 74110 ወይም 74112 እያሉ የሚጠሩት እነዚያን ነው። የዚያን ጊዜ የምርምሩ መስክ ሠራተኛ ቁጥሩ የጣፋጭ ቡና ስም ይሆናል ብሎ አላሰበም።

በመስቃን ጓሮ ቡና ዋና አይደለም። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ጥቂት እግሮች ይኖራሉ፤ ለቤት ጀበና።

የንጉሡ ዘመን አልቆ ደርግ ሲገባ ቴምብሩም የአብዮቱን ቀለም ለበሰ። በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የፖስታ ሙዚየም ተከፈተ፤ ከምኒልክ ሰባት ቴምብሮች ጀምሮ ያለውን ክምችት አንድ ላይ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው። ገብቶ ለሚያይ ሰው የሚገርመው የቴምብሩ ትንሽነት ነው። መንግሥታት ራሳቸውን በጥፍር በሚያህል ወረቀት ላይ ሲያስተዋውቁ የኖሩት ይሄን ያህል ዘመን ነው።

ዕፅዋቱን በሙሉ ቆጥሮ የመመዝገቡን ሥራ ግን ቴምብር አልሠራውም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ዕፅዋት መዝገብ ጀመሩ። ኢንጋ ሄድበርግና ሰብስቤ ደምሰው ከአዘጋጆቹ ግንባር ቀደም ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2009። ቀጋም፣ አጋምም፣ አውጥም፣ እንዶድም፣ ኮሽምም በየቤተሰባቸው ተቀመጡ። አዘነ በቀለ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት የጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍም የአማርኛውን፣ የኦሮምኛውን፣ የጉራጊኛውንና የሌሎቹን ቋንቋዎች ስም ጎን ለጎን ስላስቀመጠ፣ የግብርና ባለሙያው ገጠር ወርዶ ከገበሬው ጋር በአንድ ስም እንዲነጋገር ረዳው። አጋም በአጥርነቱ፣ በፍሬው፣ በሥሩ መድኃኒትነት ተዘርዝሯል። በሰው አፍ የሚኖረው ግን በምሳሌው ነው፤ ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል። የእሾሁን ጉዳት የሚናገረው ተረት ስለ ፍሬው ዝም ይላል፤ ምናልባት ፍሬውን የሚያውቁት ተረት የማይተርቱት ልጆች ስለሆኑ።

ውጭ አገር ፍሬው በቴምብር ላይ እያሸበረቀ ሄደ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 ስለ መኸር ወቅት ባወጣችው ስብስብ ከሌሎች ፍሬዎች ጋር የአጥር ጥቁር እንጆሪዋን አሳተመች፤ እንግሊዝ ውስጥም እሱ የሚለቀመው እንደኛው ከመንገድ ዳር አጥር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገር ውስጥ ደብዳቤ በ33 ሣንቲም አራት ቤሪዎች አወጣች። ብሉቤሪ፣ ራስቤሪ፣ ስትሮቤሪ፣ ብላክቤሪ። ዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ የኤሌክትሪክ ሒሳቡን የሚልክበት ፖስታ ላይ ለጥፎት ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ስትሮቤሪ ያለ ሥርዓት ስሙን ቀይሯል። በየጭማቂ ቤቱ እንጆሪ የሚባለው እሱ ነው። ጥንታዊው እንጆሪ፣ ያ ቁልቁለት ላይ እግር የሚቧጥጠው የዱር ተክል፣ ስሙን ለእንግዳው አስረክቦ በአገሩ ስም አጥ ሆኗል። ከተማ የተወለደ ልጅ እንጆሪ ስትለው ብርጭቆ ያስባል።

በቡታጅራ ገበያ ዛሬም የሚነግሠው በርበሬ ነው። ከመስከረም ወዲያ ቀዩ ዛላ መሬት ላይ ሲዘረጋ መንገደኛው ሳል ይዞት ያልፋል፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይቀነጥሳሉ። ግማሹ በመኪና ወደ መርካቶ ይወጣል፤ ግማሹ ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከኮረሪማ ጋር ተደልዞ፣ ደርቆ ይፈጫል። ከተፈጨው ደግሞ ሁለት ሦስት ኪሎው ባሕር ማዶ ላለ ልጅ ይታሰራል። መንገደኛ ከተገኘ በሻንጣ ይሄዳል፤ ካልተገኘ በፖስታ ቤት በኩል። ጸሐፊው ጥቅሉን ይመዝናል፣ ውስጡ ምን እንዳለ ይጠይቃል፣ «የተፈጨ በርበሬ» ብሎ ቅጹ ላይ ይጽፋል። ላዩ ላይ ቴምብር አይለጠፍም። ባርኮድ ያለበት ወረቀት ብቻ ይለጠፍና ጥቅሉ ሽታው እያመለጠ ወደ ኋላ ክፍል ይገባል።